በከሰል ጭስ የቀዘቀዘ ሣጥን

ጂንካ ውስጥ ዳርጌን ለማወቅ ዓይን አያስፈልግም፣ አፍንጫ ይበቃል ይባል ነበር። ሰውየው ገና ከአውሮፕላን ሜዳው ማዶ ሳለ የከሰል ጭስ ሽታው ቀድሞት ይደርሳል። ሚስቱ አየለች ሸሚዙን በሳሙና አሽታ አሽታ ሲሰለቻት፣ እኔ ያገባሁት ሰው እንጂ ምድጃ አይደለም እያለች ታማርር ነበር። እሱ ይስቃል። ድምፅ የሌለው፣ ትከሻውን ብቻ የሚነቀንቅ ሳቅ ነው። አራት ዓመት ሙሉ የመንግሥት ሞተር በከሰል ጭስ ያስነሳ ሰው ታዲያ ሌላ ምን ሊሸት ኖሯል?

የተወለደው ከጂንካ በላይ፣ ወደ ገዘር በሚወስደው ዳገት ላይ፣ ከአሪ ገበሬ ቤት ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቱ እርሻውን ለወንድሞቹ ትቶ ሶዶ ሄደና አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ቁልፍ አቀባይ ሆነ። ሽማግሌው ቁጡ ነበር፤ ግን የቀናው ዕለት ያወራል። አንድ ቀን፣ በጦርነቱ ጊዜ ቤንዚን ሲጠፋ መኪኖች የሄዱት በከሰል ነው ብሎ፣ ግድግዳው ላይ በጠመኔ በርሜል፣ ቱቦና ማጣሪያ ሥሎ አሳየው። ከሰል አየር ሳይጠግብ ሲነድ የሚወጣው ጭስ ራሱ ነዳጅ ነው፣ ሞተር ይጠጣዋል አለው። ሌሎቹ ሠራተኞች ሽማግሌው ጃጅቷል ብለው ሳቁ። ዳርጌ ግን ያን የጠመኔ ሥዕል ሃያ ዓመት በራሱ ውስጥ ይዞት ዞረ።

በ1975 ዓ.ም. ዕድሜው ወደ አርባ ተጠግቶ፣ ጂንካ በሚገኝ አንድ የከብት ክትባት ጣቢያ ሞተሪስት ነበር። ሥራው አንዲት ትንሽ የቤንዚን ጄኔሬተር በቀን ስድስት ሰዓት እያስነሳ መድኃኒቱ የሚቀመጥበትን የበረዶ ሣጥን ማቀዝቀዝ ነው። አለቃው አቶ ዓባይነህ አያታቸው ከሰሜን የመጡ፣ ጾም የማይገድፉ፣ የሣጥኑን ቴርሞሜትር ጠዋትና ማታ እንደ ዳዊት የሚያነቡ ሰው ናቸው።

በዚያ ዓመት በልጉ ከበደ። የወይጦ ወንዝ ሞልቶ መንገዱን በላውና ነዳጅ የጫነ መኪና ማለፍ አልቻለም። የነዳጅ ኩፖኑ በኪስ አለ፣ ቤንዚኑ የለም። አውሮፕላኗም ለመጨረሻ ጊዜ አርፋ አንድ ሣጥን ክትባት ካወረደች በኋላ ሜዳው ጭቃ ሆኖ ቀረ። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ማን እንደዚያ ብሎ እንደሰየመው እንጃ፣ «ደስታ» ለሚባለው የከብት ወረርሽኝ የሚሆን በትናንሽ ብልቃጥ የታሸገ ዱቄት ነው። ከቀዘቀዘ ለአምስት ሺህ ከብት ይበቃል። ከሞቀ ግን ከአመድ አይሻልም።

በዚህ መካከል ዶላሞ መጣ። ዶላሞ የበና ሰው ነው፤ አገሩ ከቁልቁለቱ በታች ቆላ ነው። ከዳርጌ ጋር ያላቸው ወዳጅነት በአባቶቻቸው የተጀመረ ነው፤ የዳርጌ ሁለት ላሞች ከዶላሞ ከብቶች ጋር ይግጣሉ፣ ቆላው ሲራብ ደግሞ የዶላሞ ቤተሰብ ሽቅብ ወጥቶ ከዳርጌ ጎተራ ይበላል። ቀንና ግማሽ በእግሩ ተጉዞ ጣቢያው ሲደርስ ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ከወገቡ አንድ የልጥ ገመድ ፈታ። ገመዱ ላይ አሥራ ሁለት ቋጠሮ አለ።

እዚያ አገር ቀጠሮ የሚያዘው በቋጠሮ ነው። በየማለዳው አንዱ ይፈታል፣ የመጨረሻው የተፈታ ዕለት ቀኑ ደረሰ ማለት ነው። ዶላሞ እንደነገረው በሽታው ከእነሱ በታች ካሉት ሰፈሮች የሁለቱን ከብት ጨርሷል። ሽማግሌዎቹ መክረው የአሥራ ስምንት መንደር ከብት ከቀይ አፈር ከተማ በታች ባለው ሜዳ ይሰብሰብና ይከተብ ብለዋል። ገመዱን ለየመንደሩ ያደለው ዶላሞ ራሱ ነው። ያደለውም ዳርጌ በገበያ ቀን መድኃኒቱ በእጃችን ነው ስላለው ነው።

«ከብቱን አንድ ላይ አምጥቼ መድኃኒቱ ከሌለ፣ በሽታውን በገዛ እጄ ለሁሉም አዳረስኩ ማለት ነው» አለ ዶላሞ። «ዳርጌ፣ ሣጥኑ ይቆያል?»

«ይቆያል» አለ ዳርጌ።

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባላል፤ በዚያች ሰዓት የዳርጌ ጭንቅላት ውስጥ ምን እንደነበረ እሱ ራሱ አያውቅም። መጋዘኑ ውስጥ የቀረው አንድ ጀሪካን ቤንዚን ነው፣ ሞተሩን ቢበዛ ሦስት ቀን ከምናምን ያስኬዳል። ዶላሞ ግን የወዳጁን ቃል ይዞ፣ ፊቱ በርቶ ቁልቁለቱን ወረደ። ዳርጌም የጠመኔውን ሥዕል ከራሱ ውስጥ አወጣው።

አንድ ባዶ የናፍጣ በርሜል አገኘ። ከተሰበረ የውሃ ፓምፕ ላይ የወለቀ የብረት ቱቦ ወስዶ በበርሜሉ ጎን አየር የሚስብበት አፍ አደረገው። ጭሱ የሚቀዘቅዝበት ረጅም ቧንቧ ዘረጋ፣ በትንሽ በርሜል የእንሰት ቃጫ ጠቅጥቆ ማጣሪያ ሠራ፣ መገጣጠሚያውን ሁሉ በአመድና በጭቃ ለሰነው። ከሰሉ አስቸገረው፤ ሻጮቹ በመንገድ እሳት እንዳይነሳበት ውሃ ይረጩበታል፣ እርጥብ ከሰል ደግሞ ሞተር ያንቃል። አየለች በቆርቆሮ ላይ አሰጣ እያደረቀች፣ በአውራ ጣት ልክ እየሰባበረች ሰጠችው። መጀመሪያ መጋዘኑ ውስጥ ሞከረው፤ ያ ጭስ ሽታው ሳይከብድ ሰው ይገድላልና ዳርጌ ተዘረረ። አቶ ዓባይነህ በእግሩ ጎትተው አወጡት። ሲነቃ የተናገሩት አንድ ነገር ነው፤ ከብቱን ለማዳን ሰው መሞት የለበትም፣ ዕቃህን ዛፍ ሥር አድርገው አሉት።

ዛፍ ሥር አደረገው። ሦስተኛው ቋጠሮ በተፈታ ዕለት ሞተሩን በአንድ ኩባያ ቤንዚን አስነሳና ቤንዚኑን ዘግቶ ጭሱን ከፈተ። ሞተሯ ሳለች፣ ተንገዳገደች፣ ልትሞት ደረሰች፣ ከዚያ ቀጥ ብላ ሄደች። ሰፈሩ ተሰበሰበ። አንዳንዱ ዳርጌ ሰይጣን አስገብቶባት ነው አለ፣ አንዳንዱ ደግሞ የእኔንም ሬዲዮ በከሰል አድርግልኝ አለው።

ደስታው ሁለት ቀን ቆየ። በሦስተኛው ቀን ሞተሯ ጠፋች። በርሜሉን ሲከፍት አየር የሚገባበት የብረት አፍ እንደ ጧፍ ቀልጦ ወርዷል። ወፍራም ቱቦ ፈልጎ ተካ፤ ግማሽ ቀን ሠርቶ ቀለጠ። በሸክላ ጡብ ገነባው፤ ጡቡ ተሰነጣጠቀ። በየሙከራው ማስነሻ የሚሆን ቤንዚን ይፈሳል፣ ሥራው ቆሞ ሣጥኑ እንዳይሞቅም ከጀሪካኑ እየቀዳ ያስነሳል። ከዜሮ በታች ሃያ የነበረው ቅዝቃዜ ወደ ስምንት ወጣ። አቶ ዓባይነህ ቴርሞሜትሩን ጠዋትና ማታ ማንበቡን ትተው በየሰዓቱ ማንበብ ጀመሩ። ጀሪካኑ ውስጥ ሦስት ሊትር ቀረ። አምስት ቋጠሮ ይቀራል።

ዳርጌ ያን ሌሊት አልተኛም። በዓይኑ የሚመጣበት ዶላሞ ከሜዳው መካከል፣ ከአሥራ ስምንት መንደር ከብት ጋር ቆሞ መንገድ መንገዱን ሲያይ ነው። ሲነጋ የቀለጠውን ቱቦ ይዞ፣ ከዚህ የሚወፍር ብረት ላስቀጥቅጥ ብሎ ወደ ሻንቆ ቤት ወረደ።

ሻንቆ ብረት ሠሪ ነው፣ ሚስቱ አረጋሽ ሸክላ ትሠራለች። ቤታቸው ከሰፈሩ ተነጥሎ ወንዙ ዳር ነው። የአሪ ገበሬ ማረሻና ዶማውን ከሻንቆ ያሠራል፣ ድስትና እንስራውን ከአረጋሽ ይገዛል፣ ግን ከአጥራቸው አያልፍም። ውጭ ቆሞ ይጣራል፣ ዕቃው መሬት ላይ ይቀመጥለታል፣ ያነሳል። አረጋሽ ሸክላ ተሸክማ መጥታ ውሃ ከጠማት በእንሰት ቅጠል ይቀዳላታል፤ ጠጥታ ስትጨርስ ቅጠሉ ይጣላል። እሁድ በጸሎት ቤት ሁላችን አንድ ነን ተብሎ ይዘመራል፣ ዳርጌም ድምፁ መልካም ስለሆነ ከፊት ቆሞ ያዘምራል። በቀበሌ ስብሰባም ጭቆና ይውደም ተብሎ ይጨበጨባል። ሰኞ ሲመጣ ግን ሁሉም ተመልሶ ከአጥር ውጭ ይቆማል።

ዳርጌም እንደ ልማዱ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ተጣራ። ሻንቆ ወናፉን እየነፋ ስለነበረ አልሰማውም። ዳርጌ በአጥሩ ቀዳዳ አሻግሮ ሲያይ፣ ከወናፉ ጫፍ የወጣ አንድ ነገር ነጭ ሆኖ በነደደው እሳት መሐል ተቀምጧል። እሳቱ ብረቱን አለስልሶታል፣ ያን ነገር ግን ምንም አላደረገውም።

«ሻንቆ፣ ያ እሳቱ ውስጥ የገባው ምንድን ነው?»

«የወናፉ አፍ ነዋ» አለ ሻንቆ ቀና ብሎ።

«ብረት ነው?»

«ብረት ቢሆንማ ከምሠራው ጋር አብሮ ይቀልጥ ነበር» ብሎ ሻንቆ ሳቀ። «ሸክላ ነው። አረጋሽ ናት የምትሠራልኝ። ከክረምት ክረምት ይቆየኛል።»

ዳርጌ አጥሩን ይዞ ቆመ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው እንደዚህ ላለው ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ እዚህ አጥር ላይ ቆሟል፣ አባቱም ቆመዋል፣ አያቱም ቆመዋል፤ እዚያ እሳት ውስጥ ያለውን ቀርቦ ያየ፣ ይህ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እሱ ሶዶ ድረስ ሄዶ እውቀት ፈልጎ ሲመጣ፣ ከጂንካ ሰው ሁሉ ይልቅ እሳት የሚያውቁት ሁለት ሰዎች የሰፈሩ ዳር ላይ ነበሩ። አፈረ። እፍረቱ ጆሮውን አጋለው።

አረጋሽ እጇ ጭቃ እንደሆነ ወጣች። ዳርጌ ጉዳዩን አስረዳት። እሷም እንደ ሌላው ሰው ሰይጣን ነው ወይ ብላ አልጠየቀችም። የሚነደው ምንድን ነው አለችው። አየሩ በኃይል ነው ቀስ ብሎ የሚገባው? እሳቱ ሲግል ቀለሙ ምን ይሆናል? ነጭ ይሆናል ሲላት ራሷን ነቀነቀች። ለዚህ ተራው ጭቃ አይሆንም፣ አሮጌ ገል ተወቅጦ የገባበት መሆን አለበት፤ ተሠርቶ ለመድረቅ ደግሞ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል አለች። እሷ ግን ገና አልጨረሰችም። ለገዘር ብረት ሠሪዎች የሠራቻቸው ሦስት የወናፍ አፎች ከምድጃዋ በላይ ተሰቅለው ሁለት ወር ጭስ ሲጠጡ ከርመዋል። ገና አልተተኮሱም፣ ስለዚህ ቀዳዳቸውን መፋቅና ማስፋት ይቻላል።

«ብረትህን ይዘህ ግባ» አለችው። «ከአጥር ውጭ ሆኖ የሚለካ ነገር የለም።»

ገባ። ለነገሩ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ግን ዳርጌ በኋላ ሲናገር ያን በር ያለፈው ጭንቀቱ ብቻ አስገድዶት እንዳልነበረ፣ ከአጥሩ ውጭ መቆሙ ራሱ አንገሽግሾት እንደነበረ ይምላል። ቱቦውን ያዘላት፣ እሷ በቢላዋ ጫፍ ፋቀች፣ ሻንቆ በዓይኑ ለካ። ከዚያ ሦስቱንም ጉድጓድ ውስጥ በሣርና በእንጨት ሸፍነው አቀጣጠሉና ጠበቁ። ፀሐይዋ ከአናት አለፈች። አረጋሽ የተቀቀለ ጎደሬና ጎመን በአንድ ገበታ አቀረበች። ካቀረበችም በኋላ ባልና ሚስቱ ፊታቸውን ወደ እሳቱ አዞሩ። እንግዳው እንቢ ቢል እንዳያፍር ብለው ነው፤ በዚያ ቤት ሌላ ሰው ተቀምጦ ስለማያውቅ እንቢ ማለቱን አስቀድመው ለምደውታል።

ዳርጌ ገበታውን አየ። እጁ አልነሳ አለው። አረጋሽ ሳትዞር ጠየቀችው።

«ቤትህ ጎመን የሚበስልበት ድስት የማነው?»

«ያንቺ ነው።»

«የውሃው እንስራስ?»

«እሱም ያንቺ ነው» አለ ዳርጌ።

እሷ ሌላ አልጨመረችም። እሱም እጁን ታጥቦ በላ። ምግቡ እንደማንኛውም ሰው ቤት ምግብ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ጨው ትንሽ በዝቶበታል።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱን ሸክላ በቅጠል ጠቅልሎ ሽቅብ ሲወጣ ያላየው አልነበረም። ወሬው ቀድሞት ቤቱ ስለደረሰ አየለች በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። በላህ ወይ ብላ ጠየቀችው፣ በላሁ አላት። የደረቀውን ከሰል በጆንያ አምጥታ እግሩ ሥር አስቀመጠችና ተመለሰች።

አንዱን አፍ በርሜሉ ላይ ገጠመ፣ አረጋሽ እንዳለችውም በድንገተኛ ሙቀት ደንግጦ እንዳይሰነጠቅ ዙሪያውን በአመድ አቀፈው። ሞተሯ በመጨረሻው ቤንዚን ተነሳች። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት ሄደች። በማግሥቱ በርሜሉን ሲከፍት ሸክላው ጠርዙ ትንሽ ጠቁሮ እንደተቀመጠ ነው። ዳርጌ በጣቱ ነካው፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ነካው፣ ከዚያ ዛፉን ተደግፎ ለብቻው እየሳቀ ቆየ። ዶላሞ ከመጣ ጀምሮ ተጭኖት የነበረው ነገር ከትከሻው ሲወርድ ተሰማው። አቶ ዓባይነህ ቴርሞሜትሩን ይዘው ወጡና ከዜሮ በታች አሥራ አንድ አሉ። በሦስተኛው ቀን ሃያ አሉ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ተመስገን አሉና፣ ማንንም በስም ሳይጠሩ ቁልቁል ወደ ወንዙ ዳር ቤት ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጡ።

ክትባቱ በበረዶ ታሽጎ በሦስት በቅሎ ተጭኖ ከጣቢያው ከታቢዎች ጋር ሄደ። በቅሎዎቹ ከዓይን ሲጠፉ ግን ሌላ ጭንቀት ተተካ። ሣጥኑ ወደ ስምንት ወጥቶ፣ ከዚያም ሸክላው እስኪተኮስ ወደ ስድስት ደርሶ የተመለሰ ነው። ዱቄቱ በዚያ ጊዜ ሞቶ ከነበረ በዓይን አይለይም፤ የሚናገረው ከብቱ ብቻ ነው። ከታቢዎቹ ከብቱን ወግተን ጨረስን ብለው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ወሬ አልነበረም። ዳርጌ ከቆላ የሚመጣ ሰው ባየ ቁጥር ሥራውን ጥሎ ይቆማል፣ ለመጠየቅ ግን ይፈራል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከአውሮፕላን ሜዳው ማዶ አንድ ሰው አየ። ከአረማመዱ ዶላሞ መሆኑን ለየ። ከብቱ ያለቀበት ሰው እንደዚያ አይራመድም። ከኋላው አንዲት ቀይ ጊደር እየነዳ ነው። ቀርቦ የልጡን ገመድ በዳርጌ እጅ አስቀመጠለት። አንድ ቋጠሮ የለበትም።

በሽታው መጥቶ ነበር። ሜዳው ድረስ መምጣት ያልቻሉትን ጨቅላ ጥጆች፣ አሥራ አንዱን ወሰደ። የተወጋው ግን ሁሉም ቆሟል። የዳርጌ ሁለት ላሞችም ቆመዋል፣ አንዷ እንዲያውም ወልዳለች። ዳርጌ ይህን ሲሰማ መሬት ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። ሰው ያየኛል አላለም። ዶላሞም አጠገቡ ተቀምጦ ትከሻውን ያዘው።

ጊደሯ ላንተ ናት አለው ዶላሞ በኋላ። ዳርጌ ጊደሯን አየና፣ የእኔ አይደለችም፣ የማን እንደሆነች ዛሬ ታያለህ አለው። ወደ ቤቱ ወስዶት በሩ አጠገብ ካለው እንሰት ሥር አሰራትና ሻንቆንና አረጋሽን ለምሳ ጠራቸው። አየለች ስታበስል ቆየች። ባሏ ለማን እንደምታበስል ነግሯታል፤ እሺም እንቢም አላለችም። ዳርጌ ለመጠየቅ አልደፈረም፣ እሷን የሚያውቅ ሰው በእንደዚያ ያለ ጊዜ አይጠይቃትም።

እንግዶቹ መጡ። ሻንቆ አጥሩ ጋ ሲደርስ እግሩ በራሱ ቆመ። ዳርጌ ወጥቶ እጁን ይዞ፣ «ጋሼ ሻንቆ፣ ይግቡ» አለው። አረጋሽ ተከተለች። መንገዱ አድክሟት ነበርና በሩ ላይ ስትደርስ ውሃ ታገኝ እንደሆነ አየለችን ጠየቀቻት። ጠይቃም ዞር ብላ፣ ዕድሜ ልኳን እንዳደረገችው፣ ከእንሰቱ ቅጠል ቀደደችና በእጇ አጥፋ እንደ ኩባያ ዘረጋችው።

ዳርጌ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። አረጋሽ ምን እንዳጠፋች አልገባትም፤ ቅጠሉን ዘርግታ ቆማለች።

አየለች መጣች። ቅጠሉን ከእጇ ቀስ ብላ ወሰደችና ለጊደሯ ጣለችላት። ገብታ በቅል ውሃ ይዛ ወጣች። ከቅሉ መጀመሪያ ራሷ ጠጣች፣ ከዚያ ያንኑ ቅል ለአረጋሽ አቀበለቻት።

«እትዬ አረጋሽ፣ ቀዝቃዛ ነው፤ ከእንስራዎ ነው የቀዳሁት» አለቻት።

አረጋሽ ቅሉን በሁለት እጇ ተቀብላ ጠጣች። ጊደሯ ቅጠሉን አላምጣ ጨረሰችው። ከዚያ ሁሉም ገቡና ምሳ ቀረበ።